የእሜቴ ትርፍ

እናታቸው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣ አባታቸው በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። እሜቴ ለእነዚህ ሁለት ደጋግ ሰዎች የመጀመሪያ ልጅ ሆነው፣ ከአናጢው መሥሪያ ጀርባ፣ የእንጨት ብናኝ እስከ አልጋ ድረስ በሚገባባት ጠባብ ክፍል ተወለዱ። የተወለዱበት ዓመት እዚህ አልተጻፈም። ዕድሜያቸውን የጠየቀ ሁሉ «እዚህ ቤት የምለካው እኔ ነኝ» ተብሎ አፉን ይዞ ተመልሷል። ዛሬ ዝም ብለው ተኝተዋል ብለን ዓመቱን ብናወጣባቸው ድፍረት ይሆንብናል። ማርጀታቸውን ግን ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል።

ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ናት። የሚያነበው ሰው ድምፁን ከፍ ያድርግ፤ ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አብዛኞቹ እሜቴ የሙሽራ ልብስ ሰፍተው ያስለቀሷቸው ናቸውና አንዲት ቃል እንድታመልጣቸው አንፈልግም። ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይባላል፤ ልክ ነው። ሆኖም የሟች ልጅ፣ «አክስቴ፣ ሳትዘመዝሚ ጻፊው፤ ጫፉ ቢተረተርም ይተርተር» ብላለች። ለቅሶው የእሷ ነውና የእሷ ቃል ተከብሯል።

እሜቴ የሚለውን ስም ማንም አላወጣላቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ገና የወተት ጥርሳቸውን ሳይጨርሱ ታናሽ እህታቸውን ጥግ አስይዘው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ትይኛለሽ። ስሜም እሜቴ ነው» አሏት። እናታቸው ሲሰሙ እንባ እስኪያነቡ ሳቁ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር! ከልብስ አጣቢ ቤት እሜቴ ወጣች» እያሉ ለሥራ ጓደኞቻቸው አወሩ። ጨዋታ መስሏቸው ነበር። «አንቺ» የምትል ቃል ያመለጠቻት ታናሽ ግን ክንዷ ላይ እንዴት እንደተቆነጠጠች አትረሳም። ቀስ በቀስ አባትና እናት ለመዱት፤ ቀጥሎ ሰፈሩ ለመደው፤ ቀጥሎ ደንበኛው፣ ኋላም ባላቸው። እግዜር ራሱ በጸሎት ሲጠሩት «አቤት እሜቴ» ሳይል የቀረ አይመስለንም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡበትም ምክንያት ድህነት ወይም ስንፍና አልነበረም። አንድ አዲስ መምህር «አንቺ፣ ተነሺ» ስላሏቸው ተነሡ፣ ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። ከዚያም ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብተው ክር በማስገባት ጀመሩ። ሽማግሌው ሲሞቱ መቀሱንም፣ ደንበኛውንም፣ ደንበኛን የመቆጣት ልማዱንም ወረሱ።

የእሳቸው ቤት ከጫማ ጠጋኙና ከፎቶ ቤቱ መካከል ያለችው ባለ ሰፊ መስኮት ቤት ናት። ሁለት ስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስታወት፣ በመስታወቱ ፊት ደግሞ አባታቸው የሠሩላቸው ክብ መቆሚያ አለ። በዚያ መቆሚያ ላይ ያልቆመች የዚህ ከተማ ሙሽራ ጥቂት ናት። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ይህን ጠላታቸውም አይክድም። ምላሳቸው ግን ከመቀሱ ቀድሞ ይቆርጥ ነበር። አንዲት ሙሽራ ወገቧን ይዛ «እሜቴ፣ ጠበበኝ» ብትላቸው፣ «ልብሱ ጠበበኝ አልሽ? ትዳሩ ሲጠብሽ ምን ልትይ ነው?» አሏት። ሙሽራዋ እዚያው አለቀሰች። ዛሬ እዚህ ተገኝታለች፤ ባሏ አብሯት የለም።

አንድ ነገር ለስፌት ባዕድ ለሆኑት ይነገር። ጥሩ ሰፊ ጨርቁን ልክ በልኩ አይቆርጥም። በስፌቱ ውስጥ አጥፎ የሚያስቀረው ጨርቅ አለ፤ ትርፍ ይሉታል። ልብሱ የጠበበ ዕለት ስፌቱ ይተረተርና ትርፉ ይለቀቃል። እሜቴ ከሙሽራ ልብስ ሌላ የሟች ልብስም ይሰፉ ስለነበር ለሠራተኞቻቸው ሕጉን እንዲህ አድርገው ያስተምሩ ነበር፦ «ለሚያድግ ልጅ ትርፍ ተዪ። ለሙሽራም ትርፍ ተዪ፤ ነገ ታረግዛለች። ለሬሳ ግን ትርፍ አይተውም፤ ሬሳ አይወፍርም።» ይህን የሚሉት ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ነበር።

ያገቡት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሹፌሩ ከተማውን በሙሉ ሲያዞሩ ውለው ማታ እቤታቸው ሲገቡ «ዞር በል፣ ጨርቅ ትረግጣለህ» ሲባሉ ዞር የሚሉ፣ ሚስታቸውን «እርስዎ» የሚሉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በቆብ የሚሸፍኑ ሰው ነበሩ። ከእሳቸውም ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

የመጀመሪያዋ እንቡጤ ትባል ነበር። ፊደል ሳትቆጥር ቁልፍ የምትቆጥር፣ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ የምትለቅም፣ ለዓይን የምታሳሳ ልጅ ነበረች። በዚህ ዓለም ላይ እሜቴን «አንቺ» ብላ የታለፈላት እሷ ብቻ ናት። «እማዬ፣ ነይ» ትላቸዋለች፤ ሥራቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ሰማይ አልተደፋም። ታናሽ እህታቸው ይህን ስታይ በቅናት ክንዷ የተቆነጠጠበትን ቦታ አሽታለች፤ ደስም ብሏት ነበር።

ሁለተኛዋ ገና ጡት ሳትጥል ሰፈሩን ትኩሳት መታው። ሁለቱም ልጆች በአንድ አልጋ ተኙ። እንቡጤ ሞተች፤ ሕፃኗ ተረፈች። እሜቴ የእንቡጤን የመቃብር ልብስ በገዛ እጃቸው ሰፉ። ማንንም አላስጠጉም። ከቀብር ሲመለሱ ሕፃኗ ርቧት ቤቱን በጩኸት ታናውጠው ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዩዋትና፣ «ይቺ ደግሞ ምን ትርፍ ናት?» አሉ። ሹፌሩ ደንግጠው ቃሉን ከአየር ላይ ሊቀልቡት ሞከሩ። «አዎ፣ ትርፌ እንበላት። ለኛ የተረፈችልን» አሉ። ስሟ ትርፌ ሆኖ ቀረ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ስም ነው» ይላል። አባቷ ሲጠሯት የተረፈችልኝ ማለታቸው ነበር፤ እናቷ ሲጠሯት ግን ከመቀስ የተረፈ ቁራጭ ማለታቸው ነበር። ልጅ ደግሞ ከስሟ ውስጥ የቱ እንደተጠራ ታውቃለች።

ትርፌ አፏን ስትፈታ የመጀመሪያ ቃሏ እንደማንኛውም ልጅ «እማ» ነበር። እሜቴ በሁለት ጣታቸው ከንፈሯን ያዙና፣ «እማዬ የምትለኝ አንድ አለች። ስንገናኝ ትለኛለች። አንቺ እሜቴ በዪኝ» አሏት። ሕፃን ናት፤ ምን ይገባታል? ሆኖም ገባት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚች ልጅ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፦ እናቷ አንድ ቀን «ልጄ» እንዲሏት፣ እሷም «እማዬ» እንድትላቸው። ሌላ ነገር ጠይቃ አታውቅም። አሻንጉሊት አልጠየቀችም፣ ጫማ አልጠየቀችም። ይህ ጽሑፍ በሙሉ ስለዚያች አንዲት ቃል ነው።

በእንዲህ ያለ ዕለት ስለ ሟች እምነትና ተስፋ መናገር የተለመደ ነውና እንናገር። እሜቴ እምነታቸው የጸና ነበር። በጸሎት ቤት የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። እቤታቸውም ጠዋት ጠዋት ግድግዳ በሚያልፍ ድምፅ ይጸልዩ ነበር። ጸሎታቸው አጭር ናት፤ ሰፈሩ በቃሉ ያውቃታል። «ያቺን ጠብቅልኝ፤ ይቺን እንደ ፍጥርጥሯ።» ከግድግዳው ወዲህ «ይቺ» የተባለችው ልጅ ዩኒፎርሟን እየለበሰች ትሰማለች።

እምነታቸው እንዲህ ነበር፦ እንቡጤ አልሞተችም፤ በሰማይ እያደገች ነው። እያደገች ከሆነ ደግሞ ልብስ ያስፈልጋታል። ስለዚህ በየዓመቱ እንቡጤ የተወለደችበት ቀን ሲደርስ ነጭ ቀሚስ ይሰፉላታል። የሚለኩት በማን ላይ ነው? በሰማይ ያለች ልጅ አትለካ። ትርፌን ክቡ መቆሚያ ላይ አውጥተው እጇን ያስዘረጓታል። «አትተንፍሺ» ይሏታል። ሜትሩ በደረቷ፣ በወገቧ፣ በክንዷ ይዞራል። ስፒሉ አንዳንዴ ቆዳዋን ይነካል፤ ብትጮህ «ዝም በይ፣ ያንቺ አይደለም» ይባላል። ቀሚሱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ያለብሷታል፣ በመስታወት ይታያል፣ ይወልቃል፣ ቁም ሣጥን ይገባል። በትርፌ ላይ የቆየው ሽታው ብቻ ነው። አንድ ዓመት እጇን እንደዘረጋች ረስተዋት ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቁ ቆዩ። «አውርጂ» ስላላሏት አላወረደችም። አባቷ ከሥራ ሲገቡ ክንዶቿ እየተንቀጠቀጡ አገኟትና እሳቸው አወረዱላት።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? እሜቴ ተረቱን ቃል በቃል ሰፍተውታል። የእንቡጤን ቀሚሶች ኮሌታ ከፍ አድርገው ይቆርጡ ነበር። «እህትሽ አንገቷ መለሎ ነው፤ ያንቺ ከትከሻሽ ገብቷል» ይሏታል። እንቡጤ ስትሞት አምስት ዓመት አልሞላትም፤ አንገቷን ማንም ልብ አላለውም። ትርፌ ወፈር ያለች እንደሆነ ደግሞ ጉድ ፈላ! «በልተሽ በልተሽ የልጄን ልብስ አበላሸሽብኝ። እሷ እንዲህ አትወፍርም» ይላሉ። የዚያን ሰሞን ትርፌ ቂጣዋን ለጎረቤት ውሻ ትሰጥ ነበር።

ተስፋ አልቆረጠችም። በዚያ ቤት መቀሱ የእሜቴ ነበር፤ መቁረጥ የእሷ ድርሻ አልነበረም። ትምህርቷን ስትጨርስ ስፌት ቤቱ ገባች፣ ከእናቷ ጎን ባለው መኪና ተቀመጠች። ጥሩ ብሰፋ ልጄ ይሉኛል ብላ ነበር። የሰፋችውን እሜቴ ብርሃን ላይ ያዩታል፣ ይገለብጡታል፣ ከዚያም ክሩን ከጫፉ ይዘው ጠርርር ያደርጉታል። ስፌቱ ደህና ቢሆንም ይተረትሩታል። «ደህና ነው ያልኩሽ ዕለት ትበላሺያለሽ» ይሉ ነበር። አንዳንድ እናት እንዲህ ብላ ትጀምራለች፣ ኋላ ግን ትስማለች። እሜቴ ጀምረው ቀሩ።

ሹፌሩ ግን «ልጄ» ይሏት ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በእረፍት ቀኗ አውቶቡሱ ላይ ከኋላቸው ያስቀምጧትና ከተማውን ያዞሯታል። «ልጄ፣ ያንን ሕንፃ አየሽው? ልጄ፣ ያቺን ሴትዮ ተመልከቻት» ይሏታል። አንድ መንገድ ላይ ያንን ቃል ምን ያህል ጊዜ እንደሚሉት እሳቸውም ያውቁት ነበር። ሆን ብለው ነው። ግን ምን ያደርጋል! የተጠማ ሰው የሚያልመው የከለከሉትን ውሃ ነው። ሹፌሩ ትርፌ ከማግባቷ በፊት፣ ድንገት፣ ቆባቸውን እንዳደረጉ ዐረፉ።

ትርፌ ያገባችው ስፌት ቤቱን መብራት ሊጠግን የመጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መብራቱ ከተሠራ በኋላም ሦስት አራት ጊዜ ሊጠግነው መጣ። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ትርፌ ፀንሳ ነበር። ይህ እዚህ እንዲጻፍ የፈቀደችው ራሷ ናት፤ ያ ፅንስ ዛሬ ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ከፊት በስተቀኝ ያለው ጎልማሳ ነውና ማፈሪያው ጊዜ አልፏል። ያኔ ግን ለማንም አልነገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። እሜቴም ስለ ሠርጉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። የሚያስገርመው፣ ያለ ወሩ፣ የእንቡጤ ቀን ሳይደርስ፣ ነጭ ሳቲን ዘርግተው መቁረጥ ጀመሩ።

ትርፌ ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ከጠየቀች የሚጠፋ መስሏታል። የልኬቱ ቀን ክቡ መቆሚያ ላይ ወጥታ እጇን ዘረጋች። እሜቴ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ተንበረከኩ። ከመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል፤ ሳቲኑ መስታወቱን ሞልቶታል። የእሜቴ እጅ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ሁለት ስፒል ነቅለው ጨርቁን ላላ አደረጉት። ትርፌ ይህን በመስታወት አየች። እናቷ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ሆዷን አውቀው፣ ዝም ብለው ሲያላሉላት አየች። አፏ አመለጣት።

«እማዬ» አለች።

እሜቴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው አወጡ። መርፌ መሰኪያው ላይ ሰኩ። ተነሡ። «አውልቂው» አሉ፤ «የእህትሽ ነው።» ቀሚሱ ጫፉ ሳይዘመዘም ቁም ሣጥን ገባ።

የከተማው አንደኛ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ልጅ በሠርጓ ቀን የለበሰችው ከጎን ካለው ፎቶ ቤት የተዋሰችውን ነው። ለፎቶ ብቻ የተሠራ፣ ለማንኛዋም ሴት እንዲሆን ከኋላው የተከፈተ፣ በመርፌ ቁልፍ የሚያያዝ ልብስ ነበር። ትርፌ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ለሰው ሳታዞር ዋለች። እንግዳው «ምን ያለች ጨዋ ሙሽራ ናት፣ ለታላላቆቿ ጀርባ አትሰጥም» አለ። እሜቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሁሉ እየሰማ፣ «የተጣደፈች በተገኘው ታገባለች» አሉ። ታናሽ እህታቸው ከዚያ ቀን ጀምራ ለአንድ ዓመት አላነጋገረቻቸውም፤ እሳቸው ግን ልብ ያሉት አይመስሉም።

ትርፌ ከሠርጓ በኋላም ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሰው «ለምን?» ይላታል። «ሙያው ነው» ትላለች። ሙያው አልነበረም። የእንቡጤ ቀን ሲደርስ ልጇን ከጡቷ ነጥላ መጥታ መቆሚያው ላይ ትወጣለች፣ እጇን ትዘረጋለች። ልጇ አድጎ «እናቴ፣ አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ?» እስኪላት ድረስ ትዘረጋ ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በበኩሉ ሲቀልድ፣ «እኔ ያገባሁት ሁለት ሴት ነው፤ የአንዷን ልብስ እናቷ ናቸው የሚችሉላት» ይል ነበር። እሱም ባለፈው ዓመት ቀድሟቸው ሄዷል።

እሜቴ ዓይናቸው ሲደክም ስፌት ተዉ። ቀጥሎ አእምሯቸው መተርተር ጀመረ። መጀመሪያ የክር ቀለም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። ትርፌ ወደ ራሷ ቤት ወስዳ መስኮት ያለውን ክፍል ሰጠቻቸው። አገላበጠቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ በማንኪያ አጎረሰቻቸው። አንድ ጠዋት እሜቴ ቀና ብለው በአክብሮት አዩዋት። «ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አሉ።

ትርፌ በሕይወቷ ከእናቷ አፍ «እርስዎ» ተብላ አታውቅም። አክብሮቱ የመጣው ስላላወቋት ነው። «የማገለግልዎት ነኝ፣ እሜቴ» አለች።

«እጅዎ መልካም ነው። እናትዎ ታድለዋል» አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ነበረች። ይለምኗታል፣ ያመሰግኗታል፣ «ደከመዎት፣ ይቀመጡ» ይሏታል። ዕድሜ ልኳን የለመነችው ደግነት በሌላ ሰው ስም ይመጣላት ጀመር። አንድ ቀን ትርፌ ቁርጧን ልታውቅ ደፈረች። «እሜቴ፣ ልጆች አሉዎት?» አለቻቸው።

«አንዲት ነበረችኝ። ቀድማኝ ሄደች።»

«ሌላስ የለዎትም?»

እሜቴ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣታቸው ስፌት እንደሚፈልግ ሰው ይዳብሱ ነበር። «ሌላ ልጅ እንኳ የለኝም» አሉ። «ልብስ የምለካባት አንዲት ነበረች። እጇን ዘርግታ ቆማለች። አውርጂ ያልኳት አይመስለኝም።»

ትርፌ ሣህኑን አንሥታ ወጣች። ወጥ ቤት ገብታ ሣህኑን አጠበችው፤ የታጠበውን መልሳ አጠበችው። ማታ ለአክስቷ ስትነግራት አላለቀሰችም፤ አክስት ናት ያለቀሰችው።

እሜቴ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ብርድ ልብሳቸው ላይ እንደ ወጣች፣ «አመሰግናለሁ፣ እርስዎ» ብለው ዐረፉ። አእምሯቸው ደህና ሳለ የሰጡት ትእዛዝ አንድ ነበር፦ የእንቡጤ ልብሶች በሙሉ አብረዋቸው እንዲቀበሩ። ሲገናኙ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም። ቀሚሶቹ ከቁም ሣጥን ወጥተው ወደ ሣጥን ገቡ፤ ክዳኑ ግን አልዘጋ አለ። ሣጥኑን የሠራው አናጢ ተጫነው፣ ተቀመጠበት፣ በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ «ወይ እሳቸው ይውጡ፣ ወይ ልብሱ» አለ። ሬሳ ባለበት ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ ተሳቀ።

ትርፌ ቀሚሶቹን ወደ ስፌት ቤቱ ወሰደቻቸው። ገበሩንና ማጠንከሪያውን አውጥታ ልታሳሳቸው ነው። አክስቷም ከአጠገቧ ተቀምጣ አብራት ትተረትራለች። በልጅነት ቀሚሶቹ ስፌት ውስጥ ትርፍ የሚባል አልነበረም። ጨርቁ እስከ ስፌቱ ጥግ ተላጭቷል። አንዱም፣ ሁለተኛውም፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ታድጋለች እየተባለ በየዓመቱ የተሰፋው ሁሉ የተቆረጠው በሬሳ ሕግ ነው። እሜቴ አፋቸው እያደገች ነው ሲል እጃቸው ያውቅ ነበር። በፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንን ሁሉ ዘመን የጸለዩት እጃቸው የማያምነውን ነው። ስለ እምነታቸው የምንለው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ያልተዘመዘመው ሳቲን ነበር። ትርፌ ወገቡን ተረተረችው። በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ትርፍ ወጣ። በረጃጅም ስፌት፣ በላላ ክር፣ በቀላሉ እንዲለቀቅ ተደርጎ ተይዟል፤ ሆዷ ለሚገፋ ሙሽራ የሚሰፋው እንዲያ ነው። በሰማይ ያለች ልጅ ደግሞ አታረግዝም። ትርፌ ወደ ኮሌታው ሄደች። ኮሌታው ዝቅ ያለ ነው። ለመለሎ አንገት አልተቆረጠም፤ ከትከሻው ለገባ አንገት የተቆረጠ ነው።

«የኔ ነበር» አለች።

 እውነቱ በጨርቅ ተጽፎ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። ልብሱ እስከዚያች ቃል ድረስ የትርፌ ነበር። «እማዬ» ሲባል የእንቡጤ ሆነ። እሜቴ ሊሰጡ የቻሉት ጨርቅ ነበር፤ ልጅቱ ደግሞ ቃል ፈለገች። ቃሉን ስታነሣ ጨርቁንም ነጠቋት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልነገሯትም። «አፌን ብይዝ ኖሮ» አለች ትርፌ፣ «አፌን ለአንዲት ደቂቃ ብይዝ ኖሮ።» ከዚያም ትርፉን በሙሉ ለቀቀችና ልብሱን በጥቁር ልብሷ ላይ ልታጠልቅ ሞከረች። ከደረቷ በታች አልወርድ አላት። አራት ጣት ለአንድ ፅንስ ይበቃል፤ ለአንድ ዕድሜ አይበቃም። መስታወቱ ፊት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ሳቲኑ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ቆመች። ልታወርደው አልቻለችም፣ ልታወጣውም አልቻለችም። አክስቷ ክቡ መቆሚያ ላይ ወጥታ «አውርጂ፣ የኔ ልጅ፣ አውርጂ» እያለች ልብሱን በአናቷ በኩል አወጣችላት።

ያ ልብስ ሲቀነስ ሣጥኑ ተዘጋ። ሌሎቹ ከእሜቴ ጋር ይሄዳሉ። ሳቲኑ ጫፉ ተዘምዝሞ በስፌት ቤቱ መስኮት ተሰቅሏል። ሆዷ የገፋ፣ ልብስ የሚሰፋላት እናት የሌላት ሙሽራ ካለች ትምጣ፤ ያለ ምንም ትልበሰው። ትርፍ አለው።

ከእሜቴ የተረፉት አንዲት ታናሽ እህት፣ አንድ የልጅ ልጅና አንዲት ልጅ ናቸው። «ልጅ» የሚለውን ቃል እህታቸው ናት የጻፈችው፤ እሳቸው አላሉትም። ታናሽ እህታቸው የመጨረሻውን ምርቃት ራሷ ልታዘጋጅ ነበር። ትርፌ ግን ብዕሩን አስቁማ፣ ሣጥኑ ፊት ቆሞ የሚያነበው ሰው ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲያነበው ይህን አስጽፋለች፦

«እማዬ የምትልዎት ቀድማዎት ሄዳለች፤ እዚያ ትበልዎት። ሁለተኛ ከኔ አፍ አይሰሙትም። እኔ እንዳስለመዱኝ ነው የምሸኝዎት። እሜቴ፣ ነፍስዎን ይማር።»